የግራው እርካብ

ፈረስ ቃል አይሰጥም። ለዚህም ነው በነሐሴ ወር 1976 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው እሑድ፣ ዳማ የሚባለው ፈረስ ማንም ምንም ሳይጠይቀው ሞት የተፈረደበት።

የወንጀል መርማሪው መቶ አለቃ ኤርሳዶ ከላንድሮቨሩ ሲወርድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ቦታው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማዶ፣ ወደ ገርጂ የሚወስደውን የጭቃ መንገድ ይዘው ሲሄዱ የሚያገኙት የአንድ ደጃዝማች የቀድሞ ግቢ ነው። ቤቱን ቀበሌው፣ ሜዳውንና ጋጣውን ደግሞ የቀበሌዎች የበላይ የሆነው የከፍተኛው አስተዳደር የኪነት ቡድን ወርሶታል። በጋጣው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከፊታቸው ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ጓድ አለ። ከጠመንጃው ጎን የቡድኑ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ መኩሪያ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

ከሽማግሌው ጀርባ፣ ጠባቡ ጋጣ ውስጥ፣ ፈረሱ ራሱን ደፍቶ አራት እግሮቹን አራርቆ ቆሟል። ከሆዱ ሥር የቡድኑ ተወዛዋዥ ስመኝ ተጋድማለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ነበር ማለት ይሻላል።

ጓድ መኩሪያ ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው። ፈረሱ ረግጦ ገድሏታል፤ ስለዚህ ይገደልና ሥራው ይቀጥል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አንድ ወር አልቀረውም፤ ረቡዕ ጠዋት ገምጋሚ ኮሚቴ ይመጣል፤ ለአንድ ከብት ተብሎ የአገር ጉዳይ አይቆምም። ኤርሳዶ ሰው ሲያጣድፈው ይብስ የሚዘገይ ሰው ነው። አለቆቹ ስንፍና ይሉታል፣ ሚስቱ ግትርነት ትለዋለች።

«ፈረሱ ማስረጃ ነው ጓድ» አለ። «ማስረጃ በጥይት አይመታም። እስከ ረቡዕ ይቆይልኝ።»

«ረቡዕ ሁለት ሰዓት» አለ መኩሪያ። «ከዚያ አንዲት ደቂቃ አላሳልፍም።»

ሽማግሌው ገብተው በፈረሱ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አሉት። ፈረሱ አንዱን እግሩን፣ ቀጥሎ ሌላውን እያነሣ፣ ልጅቷን ጫፏን ሳይነካ በጎን ወጣ። ኤርሳዶ ተንበረከከ። ከግራ ጆሮዋ ኋላ አንድ ቁስል አለ፤ ሌላ ምንም የለም። በቀኝ መዳፏ ጭድ ጨብጣለች፤ ጥቁር ነጠላዋ ከጎኗ ወድቋል። ከራስጌዋ አንድ ባልዲ ውሃ ተቀምጧል። የጋጣው ወለል ድንጋይ ነው፤ የተነጠፈበትም ደረቅ ጭድ ብቻ ነው። የልጅቷ ጀርባ ግን እርጥብ መረሬ ጭቃና ለምለም ሣር ለብሷል። ኤርሳዶ ይህን በማስታወሻው ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ጋጣ ውስጥ የሞተ ሰው የሜዳ ሣር ከየት ያመጣል?

እናቷ ወይዘሮ ተናኜ ከሳሊተ ምሕረት ድረስ በባዶ ራሷ እየሮጠች መጣች። ጤና ጣቢያ የምታጸዳ፣ ያለዚህች ልጅ ማንም የሌላት ሴት ናት። እንደ ደረሰች አላለቀሰችም። በመጀመሪያ ፈረሱን ነበር ያየችው።

«ይኼ ፈረስ ሣር ሲግጥ ማየት አልችልም» አለች። «ዛሬውኑ ግደሉልኝ።»

ኤርሳዶ እስከ ረቡዕ እንድትታገሰው ለመናት። የምትጠብቀው ፍርድ ይሁን እውነት ሳይነግራት፣ እሱም ሳያውቀው፣ ረቡዕ መልስ እሰጥሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

*

ሽማግሌው ዋቅጅራ ይባላሉ። የደጃዝማቹ ባልደራስ፣ የፈረሶቹ ኃላፊ፣ ነበሩ። «ግቢውን ሲወርሱት እኔንም ከፈረሶቹ ጋር ወረሱኝ» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ግን አይስቁም።

ያን ቀን ማታም ሆነ በማግስቱ ስለ ስመኝ ሲጠየቁ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ፈረሱ ሲጠየቁ ስለ ስመኝ ነበር የሚያወሩት። የቡድኑ አሠልጣኝ ዓለምሰገድ አምና ሰባት ወጣቶች ይዞ መጥቶ ከፈረስ ጋር ዳንስ ልንሠራ ነው ሲላቸው አብዷል ብለው ነበር። የመጀመሪያውን ወር ማንም አልጨፈረም። ልጆቹ በፈረሶቹ አጠገብ ቆመው ዝም ብለው ይተነፍሱ ነበር፤ ፈረሱ ሲተነፍስ እየተነፈሱ። ከዚያ የመጣው ነገር እስክስታም ሽለላም አልነበረም። ስመኝ በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ስትሮጥ ዳማ ያለ ገመድ ይከተላታል። ትከሻዋን ወደ ኋላ ስትጥል ዳማ አንገቱን ያስደግፋታል። ስትቆም ይቆማል። እህል ስለጠፋበት አገር፣ ሰው ስለቀበረች ሴት የሚናገር ዳንስ ነው ይሏቸው ነበር። ዋቅጅራ የተረዱት ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ቀን ሲያዩዋቸው ጋቢያቸው በእንባ ርሶ ተገኘ።

ኤርሳዶም አንድ ጊዜ አይቶት ነበር። ግንቦት ላይ ለጥበቃ ተመድቦ፣ በሩን ትቶ ወደ ሜዳው ዞሮ ቀረ። የልጅቷን ስም ያኔ አልጠየቀም፤ አሁን ይቆጨዋል።

እሑድ ጠዋት ዋቅጅራ የቀሩትን ሦስት ፈረሶች ይዘው ወንዝ ወርደው ነበር። ዳማ ቅዳሜ ብዙ ስለ ሠራ እንዲያርፍ ትተውት ሄዱ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለሱ ስመኝን አገኟት። በወንዙ ማን አያቸው? ማንም አላያቸውም። በፈረሱ ጀርባ ላይ ግን ላብ ደርቆ የሠራው ነጭ ምልክት ነበር፤ የኮርቻ ቅርጽ ያለው። እሳቸው እሑድ ኮርቻ አይጭኑም።

ኤርሳዶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባባ፣ ፈረሱ ካልገደላት የገደላት ሰው ነው። ጓድ መኩሪያ ደግሞ ሰው ፈልግ ቢባል ሩቅ አይሄድም። የደጃዝማች አሽከር የነበረ፣ ምስክር የሌለው ሰው እዚሁ አለለት።»

«አውቃለሁ።»

«ፈረሱ ነው ቢሉ ነገሩ እዚህ ያበቃል። እርስዎም ቤትዎ ያድራሉ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ግን የወደቀ ሰው ሲያይ እንዲቆም ነው ያሳደግሁት። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያሠለጥነው፤ ጌታው ጦር ሜዳ ሲወድቅ ፈረሱ ሳይረግጠው በላዩ ቆሞ እንዲጠብቀው። ዳማ የወደቀ ሰው አይረግጥም። ዋሽቼ አስገድዬው ስንት ዓመት ልኖር ነው?»

*

ሰኞ ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት ለሽማግሌው አልራራም። ስመኝን የመታት ሰኮና ነው፤ ሐኪሙ አልተጠራጠረም። የተመታችው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የሞተችው ግን አምስት ሰዓት አካባቢ ነው። ኤርሳዶ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው። ሐኪሙ ከግርጌው በእጅ ጽሑፍ አንድ ነገር ጨምሮበታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት ብትመጣ ትተርፍ ነበር።

ዓለምሰገድን ወሎ ሰፈር፣ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት የቀበሌ ቤት አገኘው። አጠር ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ሠላሳ አምስት ያልሞላው ሰው ነው። ዓይኖቹ በልቅሶ ብዛት አብጠዋል። ቡልጋሪያ አራት ዓመት ተምሯል፤ ግድግዳው ላይ በረዶ ውስጥ አንድ እግሩን እርካብ ላይ ሰቅሎ፣ በግራጫ ፈረስ ላይ ሊወጣ ሲል የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። ስለ ስመኝ መናገር ጀምሮ አልጨረሰም። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ኤርሳዶን ያሳሳተውም እሱ ነው። ሰው ያለቀሰለትን ሰው አይበድልም ብሎ የሚያምን መርማሪ ሥራውን ቢለውጥ ይሻለው ነበር።

እሑድ ጠዋት የት ነበርክ? ስብሰባ። እሑድ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ከተማው በሙሉ በየቀበሌው ስብሰባ ላይ ነው፤ የቀረ ስኳሩን ያጣል፣ ሲደጋግም ስሙ ይያዛል። ኤርሳዶ ቀበሌው ድረስ ሄዶ መዝገቡን አስወጣ። ዓለምሰገድ ገብረየስ በሚለው ስም ፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ ጥርት ያለ ምልክት ተደርጎበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኤርሳዶ ያን ቀን ወረቀቱን ያዘና ዓለምሰገድን ከዝርዝሩ ሰረዘው።

በሌላው ቀበሌ መዝገብ ላይ ግን ምልክት የሌለው ስም ተገኘ፤ የቡድኑ ከበሮ መቺ ኢስሐቅ። ተወዛዋዦቹ እንደ ነገሩት ኢስሐቅ ቅዳሜ ዕለት ከስመኝ ጋር ተጣልቶ፣ እጇን ይዞ እየጎተተ ነበር።

*

ኢስሐቅ እሑድ ታምሜ ተኝቼ ነበር አለ። የሰፈሩ ሰዎች ግን አንድ ሰዓት ላይ ሲወጣ አይተውታል። ኤርሳዶ ጣቢያ አምጥቶ እንደገና ጠየቀው። እንደገና ታምሜ ነበር አለ። የእስር ቤቱን ቁልፍ ሲያይ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ከንፈሮቹ ብቻ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ ጀመር።

ኤርሳዶ ያንን አጨፋፈን ያውቀዋል። ሆሳዕና አጠገብ ባለው ቤታቸው እናቱ እንደዚያ ነበር የምትጸልየው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ በየሰው ጓዳ እየተሰበሰቡ፣ ዝማሬውን ወደ ሹክሹክታ ዝቅ አድርገው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ማስታወሻውንም ዘጋው።

«ስንት ሆናችሁ ነበር?» አለው።

ወጣቱ የተዘጋውን በር አየ። «አሥራ አንድ» አለ በመጨረሻ። «የሰዎቹን ስም አልነግርህም።»

«አልጠየቅሁህም። ስመኝን ለምን ጎተትካት?»

ኢስሐቅ ያኔ ነው ያለቀሰው። ገምጋሚዎቹ ባለፈው መጥተው ዳንሱ ያሳዝናል፣ ያስተኛል ብለው ነበር፤ በመጨረሻው ላይ ፈረስ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ በተጋደመችው ሴት ላይ ይዝለል፣ ሴቲቱም ትነሣ ተባለ። ስመኝ ፈራች፤ አልተኛም ብላ ነበር። ቅዳሜ ግን እሺ ማለቷን ሰማ። እንድትተወው እየለመናት ነበር የጎተታት። እሷ ግን ከዚህ ቡድን ከወጣሁ ከዳማ ጋር መቼ እደንሳለሁ ብላ እጇን አስለቀቀች።

ኤርሳዶ ወጣቱን ለቀቀው። በመዝገቡ ላይ «ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። በአሥራ ሦስት ዓመት የፖሊስ ሥራው እያወቀ የጻፈው የመጀመሪያ ውሸት ነው። አልቆጨውም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ገርጂ ሲደርስ ዋቅጅራ የዳማን ጉልበት በቅቤ ያሻሉ። እሑድ ማታ አራቱም እግሩ አብጦ አግኝተውታል፤ እስካሁን አልጎደለም። የቀረው አንድ ቀን ነበር፤ በሽማግሌው ፊት ላይም ይታያል። ኤርሳዶ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ለመነሣት ቆረጠ። እሑድ የታሸገውን ዕቃ ቤት ከፈተና የትርኢቱን ኮርቻ አወጣ። ከደጃዝማቹ የቀረ የእንግሊዝ ኮርቻ ነው።

«አባባ፣ እስኪ ይጫኑትና ይውጡበት፤ ልየው።»

ዋቅጅራ ኮርቻውን ጫኑ፣ የሆዱን ጠፍር አጠበቁ፣ በፈረሱ ቀኝ ዞሩና ቀኝ እግራቸውን እርካብ ላይ አደረጉ። በዕድሜያቸው የማይጠበቅ ቅልጥፍና ነበር። ተቀመጡ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ግራ እግራቸው እርካብ ፈልጎ አጣ።

የግራው እርካብ ከቀኙ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ጠፍሩ ሦስት ቀዳዳ ወደ ታች ተለቋል።

«ይህን ማን አስረዘመው?» አሉ።

«ለምን ያስረዝሙታል?»

«ቁመት ያጠረው ሰው ለመውጣት ይለቀዋል፤ ከወጣ በኋላ መልሶ ያሳጥረዋል። ይኼኛው አላሳጠረውም። ሳይቀመጥ ነው ነገሩ የተበላሸበት ማለት ነው።» ከፈረሱ ወረዱ። «ደግሞ በግራ ነው የወጣው። እኔ ያሳደግሁት ፈረስ በቀኝ ነው የሚወጣበት፤ የአባቴም እንዲሁ። ዳማ በግራው መጥቶ የተንጠለጠለበትን አያውቅም። ይደነግጣል።»

«በግራ የሚወጣ ማነው?»

«ፈረስ መጋለብ ከፈረንጅ የተማረ ሰው።»

ኤርሳዶ ፎቶግራፉን በዓይነ ኅሊናው አየው፤ በረዶውን፣ ግራጫውን ፈረስ፣ እርካቡ ላይ የተሰቀለውን ግራ እግር። ግን ሰማያዊው ምልክትስ? አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ወሎ ሰፈር ስብሰባ ላይና ገርጂ ሜዳ ላይ አይገኝም።

*

ዓለምሰገድ ቤት አልነበረም። እናቱ እማማ የሺመቤት ብቻ ነበሩ። እንግዳ እንዲያው አያሳልፉም፤ ሳይቀመጥ ሻይ ቀዱለት፣ ስኳሩንም በእጃቸው ጨመሩለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ። ኤርሳዶ በዚህ የስኳር ችግር ሦስት ማንኪያ እንደማይገባው ተናገረ።

«ጠጣ ልጄ፣ እሑድ ነው የታደለው» አሉ። «ለዚህች ስኳር ስል አይደል ሦስት ሰዓት አግዳሚ ላይ ወገቤ የሚቆረጠው።»

ኤርሳዶ ሻዩን አስቀመጠ። «ስብሰባ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት?»

«ሁልጊዜም እኔ ነኝ። ከየቤቱ አንድ ሰው ነው የሚፈለገው። የቤቱ ቁጥር ሲጠራ አለሁ እላለሁ፣ ቤቱ ደግሞ በዓለምዬ ስም ነው፤ በሱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። እሱ ምን ጊዜ አለው? እሑድ እንኳ አያርፍም፤ በጠዋት ወጥቶ ነበር።» በኩራት ነበር የሚናገሩት። «ስመለስ ሱሪውን ራሱ አጥቦ አስጥቶ አገኘሁት። ተወልዶ ልብስ አጥቦ አያውቅም። እናቴ አትድከም ብሎ ነው ብዬ መረቅሁት።»

መዝገቡ የቆጠረው ቤት እንጂ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰፈር የሚኖር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መርማሪው ዘንግቶታል። የራሱ ቤት ቁጥር ሲጠራስ አለሁ የምትለው ሚስቱ አይደለችም እንዴ? ኤርሳዶ በራሱ አፈረ። ከዚያ በላይ ግን አዘነ። በዚህ ሥራ ሰው ብዙ ነገር እንዲናገር አስገድዷል፤ ማንም ግን እንደ እኚህ እናት ልጁን በፈገግታ አሳልፎ ሰጥቶት አያውቅም። ሻዩን ጨርሶ ጠጣላቸው። ትቶት መውጣት አልቻለም።

*

የቡድኑ አዳራሽ ኦሎምፒያ ነው። ዓለምሰገድ ብቻውን ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ኤርሳዶ ከጎኑ ተቀመጠና የእርካቡን ጠፍር በመካከላቸው አስቀመጠ። ዓለምሰገድ ጠፍሩን ሲያይ፣ ሦስት ቀን ሲጠብቀው የነበረ ሰው እንደ ደረሰለት ሁሉ ትከሻው ወረደ።

ዓለምሰገድ እንደተናገረው፣ ሽማግሌው ፈረሱ በወደቀ ሰው ላይ አይዘልም ብለው ከልክለውት ነበር። እሱም እሳቸው ወንዝ የሚወርዱበትን ጠዋት መርጦ ስመኝን ጠራት። ረቡዕ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ሊሞክሩት። እንደ ትርኢቱ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ሣሩ ላይ ተጋደመች። እርካቡን አስረዘመና በግራ ሊወጣ ሲል ፈረሱ ደነገጠ። እግሩ እርካቡ ውስጥ ተይዞ፣ ልጓሙን እየጎተተ ተንጠለጠለ። ፈረሱ ዞሮ ሮጠ። ከፊቱ ያየው ሰው አልነበረም፤ ጥቁር ጨርቅ ነበር።

«እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው» አለ ኤርሳዶ። «ከዚያ በኋላ ያለውን ንገረኝ። ሞታለች ብለህ ነበር?»

ዓለምሰገድ ጠፍሩን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ውሃ አለችኝ» አለ።

ዝናብ እንዳይመታት ተሸክሞ ጋጣ ውስጥ አስገባት። በባልዲ ውሃ አመጣላት፤ መዋጥ አልቻለችም። መኪና ሊለምን ወደ ዋናው መንገድ ሮጠ። መንገዱ ላይ ጥበቃዎች ቆመው ከስብሰባ የቀረውን ሰው ይለቅማሉ። ቆመ። ለበዓሉ በተዘጋጀ ሥራ ላይ፣ ውጭ አገር የተማረ ሰው፣ ከስብሰባ ቀርቶ፣ ተወዛዋዥ አስረገጠ። ይህ አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ዓለምሰገድ ያውቃል፣ ኤርሳዶም ያውቃል። በጓሮ በኩል ተመለሰ።

«ትተነፍስ ነበር?»

«ትተነፍስ ነበር። ኮርቻውን ፈታሁ። ፈረሱን አስገባሁባት። ስወጣ ዓይኗን ገልጣ ነበር፤ እኔን ግን አላየችም፤ እሱን ነው የምታየው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገሬው ሰው። ኤርሳዶ ሊቆጣው ፈልጎ ቁጣ አጣ። ያ ፍርሃት የዓለምሰገድ ብቻ እንዳልነበረ ያውቃል፤ እሱም ትናንት በሩን ዘግቶ የዋሸው በዚያው ፍርሃት የተነሣ ነው። ልዩነቱ የእሱ ውሸት ሰው አለማስገደሉ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ክንዱን ይዞ አስነሣው። በሩ ላይ ሲደርሱ ዓለምሰገድ እናቱን ማን እንደሚነግራቸው ጠየቀ። ኤርሳዶ እኔ ነኝ አለው።

*

ረቡዕ ከሁለት ሰዓት በፊት ጓድ መኩሪያ ባለ ጠመንጃውን አስከትሎ ጋጣው በር ላይ ቆሟል። ኤርሳዶ ዓለምሰገድ የሰጠውን ቃል ጽፎ ሰጠው። መኩሪያ ጥቂት አንብቦ አሻጥር የሚለው ቃል የታለ አለ። የለም፤ በቸልተኝነት ሞት ማድረስና ሳይረዱ ጥሎ መሄድ ነው የሚለው። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሰ፤ ፈረሱ ይዝለል ያለው ሰው ስም እዚያ ላይ አለ። የራሱ ስም ነው።

«ስንት ቅጂ ነው ያለው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሦስት» አለ ኤርሳዶ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን ብዬ ነው ጓድ። ፈረሱ ይተርፋል አይደል?»

መኩሪያ ወረቀቱን አጠፈ፤ ባለ ጠመንጃውንም በአገጩ ወደ መኪናው ላከው። ወደ ላይ ሲሄድ ወረቀቱ ምን እንደሚጨመርበት፣ ምን እንደሚፋቅበት ኤርሳዶ አያውቅም። በእጁ ያለው ያ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ተናኜ የደረሰችው ያኔ ነው። ጥቁር ለብሳለች። ሰኞ ሳሊተ ምሕረት ልጇን ቀብራ፣ ዛሬ ፈረሱ ሲሞት ልታይ የመጣች ሴት ናት። ኤርሳዶ ወደ ጎን ወሰዳትና ሁሉንም ነገራት። ሁለቱን ሰዓት ሊያስቀርላት ፈልጎ ነበር፤ ግን እስካሁን የተነገራት ሁሉ ውሸት ነበር።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ?» አለች።

«አዎ እናቴ።»

«ብቻዋን? ውሃ እያለች?»

ሽማግሌው ዋቅጅራ ናቸው የመለሱላት። እጇን ይዘው ወደ ጋጣው አስገቧት፤ ጠባብነቱን አሳዩዋት፤ እጅ ቢዘረጉ ግድግዳውን ይነካል። ፈረስ በዚህ ቦታ ሲሰለቸው እግሩን ያነሣል፣ ይዞራል፣ ይተኛል። ልጅቷ ላይ ግን ከመጀመሪያው በቀር አንድም ምልክት አልነበረም፤ በዙሪያዋ ያለው ጭድ እንኳ አልተረገጠም። ከዚያ ያበጡትን ጉልበቶች አሳዩዋት።

«ሳትሞት በፊትም፣ ከሞተች በኋላም፣ ሰው እስኪመጣ አንዲት እግሩን አላነሣም» አሏት። «ደንግጦ የመታት እሱ ነው፤ አልዋሽሽም። ብቻዋን ግን አልነበረችም።»

ተናኜ ፈረሱን አየችው። ጭዱ ላይ በግንባሯ ተደፋች፣ እሑድ ያላለቀሰችውን ሁሉ ታለቅስ ጀመር። ዳማ ጆሮውን ጣል አደረገ። አንዱን እግሩን አነሣ፣ በዝግታ አሻግሮ አስቀመጠ፤ ሌላውንም አስከተለ። ኤርሳዶ ሊጎትታት ወደፊት ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«ይተዉት ጌታዬ» አሉ።

ፈረሱ ራሱን ደፍቶ፣ አራት እግሮቹን አራርቆ፣ በሴትየዋ ላይ ቆመ። ኤርሳዶ ቆቡን አወለቀ፤ ልቅሶዋ እስኪያልቅ ድረስም ማንም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።